ከክሊር ክሪክ ዳር፦ ወርቅ ማጠብን ከዜሮ

መጋቢት፣ ዕቃ ሳልገዛ

ወርቅ አጥቦ መክበር ለሚፈልግ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ቤንዚንህን ቆጥብ። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር ወይም አውሮራ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት መውጣት ያምረዋል። ተራራ ልውጣ ሲል ደግሞ ጉልበቱ እምቢ ይለዋል። እንደኔ ማለት ነው።

የመረጥኩት ውሃ ክሊር ክሪክ ነው። ከሮኪ ተራሮች ይነሳል፣ በአይዳሆ ስፕሪንግስ በኩል ይወርዳል፣ ጎልደን ከተማ ላይ ከገደሉ ይወጣል። ከዚያ ዊት ሪጅንና አርቫዳን አልፎ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ውስጥ ይገባል። የኮሎራዶ የወርቅ ታሪክ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ውሃና ከገባሮቹ ነው። በ1850 ሉዊስ ራልስተን የሚባል ሰው ወደ ካሊፎርኒያ ከሚጓዙ ሰዎች ጋር ሲያልፍ፣ ዛሬ አርቫዳ በሚባለው ቦታ ትንሽ ወርቅ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱን ቀጠለ። በጃንዋሪ 1859 ጆርጅ ጃክሰን አይዳሆ ስፕሪንግስ ላይ በብርድ የደረቀውን ጠጠር እሳት አንድዶ አላላው። ማጠቢያ አልነበረውም፤ በመጠጫ ኩባያው አጠበ። ወርቅ ወጣለት። በዚያው ዓመት በሜይ ጆን ግሪጎሪ ወደ ላይ ወጥቶ ወርቁ ከየት እንደሚመጣ ደረሰበት፦ አለቱ ውስጥ ያለውን የወርቅ ሥር አገኘ። ብላክ ሆክና ሴንትራል ሲቲ የተቆረቆሩት እሱን ተከትለው ነው።

ይህን የምጽፈው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ወርቁ ትልቅ የሚሆነው ምንጩ አጠገብ ነው። ውሃው ይዞት ወደ ታች በመጣ ቁጥር ይደቃል። እኔ የማጥበው ክሪኩ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ ከያዘ በኋላ ስለሆነ የምጠብቀው ፍሬ ሳይሆን ብናኝ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ብስጭት ያድናል።

ቀጥሎ ደንብ። እዚህ አገር ወንዝ ሁሉ የሕዝብ ይመስላል፤ አይደለም። አንዱ ዳርቻ የከተማ ነው፣ ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ሲል የካውንቲ፣ ከዚያ ወዲያ የግል። ኮሎራዶ ውስጥ በግል መሬት የሚያልፍ ወንዝ አልጋው የባለመሬቱ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ለምትሄዱበት ቦታ ለይታችሁ ጠይቁ። እኔ የያዝኩት ዳርቻ ሕጉ ቀላል ነው፦ የእጅ መሣሪያ ብቻ፣ ሞተር የለም፣ የወንዙን ግድግዳ መናድ የለም፣ ሣርና ቁጥቋጦ መንቀል የለም፣ የቆፈሩትን ጉድጓድ ሞልቶ መሄድ።

መጋቢት መጨረሻ፣ ጋራዥ ውስጥ

ዕቃው ተገዛ። 14 ኢንች ስፋት ያለው አረንጓዴ የፕላስቲክ ማጠቢያ ሳህን፣ ባልዲ አፍ ላይ የሚቀመጥ ወንፊት፣ ትንሽ አካፋ፣ ጥቃቅን ነገር የምትመጥ ለስላሳ ጠርሙስ፣ ክዳን ያላት የመስታወት ብልቃጥ፣ ማግኔት። ባልዲው ቤት ነበር። አረንጓዴ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ጥቁሩም አሸዋ ቢጫውም ወርቅ በላዩ ጎልተው ይታያሉ። የድሮዎቹ በብረት ነበር የሚያጥቡት። ብረት ግን ይዝጋል፣ ማግኔትም አያሠራም።

አዲስ ሳህን ቅባት አለው። ቅባት ላይ ደቃቅ ወርቅ ይንሳፈፋል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሸዋ አጥብቄ ፈተግኩት።

ወንዝ ከመውረዴ በፊት በእርሳስ ለመለማመድ ወሰንኩ። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጡ ጥቃቅን እርሳሶች አሉ። በመዶሻ ጠፍጥፌ፣ በመቀስ ቆራርጬ፣ ቆጥሬ አሸዋ ውስጥ ደባለቅኩ። ከዚያ ትልቅ ሳፋ ላይ ሆኜ ማጠብ ነው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ስትቆጥሩ ምን ያህል እንዳመለጣችሁ ይታወቃል። (እርሳስ መርዝ ነው። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና፤ ልጆች አይነኩትም።)

ነገሩ ሁሉ የክብደት ጨዋታ ነው። ተራው ነጭ አሸዋ፣ ማለትም ኳርትዝ፣ ከእኩል መጠን ውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል። ማግኔት የሚስበው ጥቁር አሸዋ 5 እጥፍ ያህል ነው። እርሳስ 11.3። ወርቅ 19.3። ይህ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ወርቅ አጋጣሚ ካገኘ ራሱ ወደ ታች ይሰምጣል። የአጣቢው ሥራ ያንን አጋጣሚ መስጠት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳህኑን በውሃ ትሞላላችሁ። ጭቃውን በጣት ትሰባብራላችሁ፤ ያልተፈታ የጭቃ ጓል ወርቅ ይዞ ይሄዳልና። ከዚያ ሳህኑን ውሃው ውስጥ አግድም ይዛችሁ ግራ ቀኝ አጥብቃችሁ ትነቀንቃላችሁ። ከባዱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ይወጣል። ቀጥሎ የሳህኑ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት እርከኖች ያሉበትን ጎን ወደ ፊት ዘመም አድርጋችሁ፣ ውሃ እያስገባችሁና እያስወጣችሁ ላይ ላዩን ታስወስዳላችሁ። ሁለት ሦስቴ ካስወሰዳችሁ በኋላ እንደገና አግድም ይዞ መነቅነቅ። እንደገና ዘመም። እንደገና መነቅነቅ።

በቪዲዮ የሚታየው ያ የሚያምረው ውሃ የማስወጣት እንቅስቃሴ ነው። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚኮርጀው። እኔ ግን በዚህ ልምምድ እርግጠኛ የሆንኩት ወርቅ የሚያዘው በመነቅነቁ እንደሆነ ነው። ውሃ ማስወጣቱ ቆሻሻ መድፋት ብቻ ነው።

አክስቴ ከሻኪሶ ለጥየቃ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ጋራዡ በር ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡና አፍንጫቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩ። ሻኪሶ የወርቅ አገር ነው፤ የለገ ደምቢ ማዕድን አጠገቡ ነው፣ ወንዝ ለወንዝ አጥበው የሚያድሩ ሰዎችም ሞልተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ስንዴ አንገዋልለህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የት አውቄ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ምን ያስቸኩልሃል? ሰፌድ ላይ ጠጠሩ ወደ አንድ ጎን እስኪሰበሰብ ታንገዋልላለህ እንጂ ወዲያው ትደፋለህ? በል ወዲህ ስጠኝ።»

ተቀበሉኝ። ሳህኑን እንደ ሰፌድ በክብ አዞሩት፤ ትከሻቸው አልተንቀሳቀሰም፣ የእጅ አንጓቸው ብቻ። እርሳሱ በአንድ ጥግ ሰብሰብ አለ። «ይሄ ፕላስቲክህ ይንሸራተታል፤ ገበቴ ይሻላል» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻዋን አንድ ማንኪያ አሸዋ የማጣራው በእሳቸው ዘዴ ነው።

መዝናኛ ነው ብዬ ስነግራቸው ግን አልገባቸውም። «ወገብ የሚቆርጥ ሥራ እኮ ነው! ከፍለህ ነው የምትሠራው?» አሉኝ። እዚያ ባህላዊ አምራቹ ፈቃድ ያወጣል፣ ያገኘውን ያስመዝናል፣ ወርቁም በመጨረሻ ወደ ብሔራዊ ባንክ እንዲገባ ነው የሚፈለገው። እዚህ ሰው ለመዝናናት ብናኝ ብልቃጥ ውስጥ ያጠራቅማል። እውነታቸውን ነው።

ሚያዝያ፣ ውሃው ገና ዝቅ ብሎ

የት ይቆፈር? ከሁሉም በላይ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው።

ውሃ ሲፈጥን ከባድ ነገር ይሸከማል፣ ሲዘገይ ያራግፋል። ስለዚህ ውሃው የሚዘገይበትን ፈልጉ። ወንዙ ሲታጠፍ ውጪኛው ጎን ፈጣን ነው፤ ውስጠኛው ጎን ላይ የጠጠር ክምር ይተኛል። እሱ ነው ቦታው። ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ፣ ማለትም ውሃው ከሚሄድበት በኩል፣ ሌላ ቦታ አለ። አለት ከታች ብቅ ካለ ደግሞ ስንጥቁን ቧጥጡ። ለስላሳ አሸዋ የተከመረበት ግን አያታልላችሁ። ለመቆፈር ይመቻል፣ ወርቅ ግን አይወድም። የተጠቀጠቀ፣ አካፋ የሚያንሸራትት፣ ድንጋይና ጠጠር የተደባለቀበት ይሻላል።

እኔ ያየሁት ምልክት የሰው ዕቃ ነበር። ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ዝገት የበላቸው ምስማሮች፣ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ፣ የጥይት ጫፍ ተሰብስበው ነበር። ወንዙ ከባድ ነገሮችን አንድ ላይ ካስቀመጠ ወርቁንም እዚያው ያስቀምጣል። እዚያ ቆፈርኩ።

ውሃው የበረዶ ውሃ ነው። የጎማ ቦት ጫማና እስከ ክንድ የሚደርስ የጎማ ጓንት ከሌላችሁ ጣታችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል።

አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ገና የመጀመሪያው ሳህን ላይ «ከበርን በለኛ!» ብሎ ጮኸ። ሳህኑ በሙሉ ያብረቀርቃል። ሚካ ነው። ሚካ ቅጠል ቅጠል የሆነ ማዕድን ነው፣ ውሃው ሲነካው ይውለበለባል፣ ቀድሞም ይሄዳል። ወርቅ አይውለበለብም፤ ከታች ተኝቶ ሌላው ሁሉ ከሄደ በኋላ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው አታላይ ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ነው። እሱ ሹል ማዕዘን አለው፣ በመርፌ ሲጫኑት ይሰበራል። ወርቅ ግን ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ከሁሉም የሚቀለው ፈተና ጥላ ነው፦ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ሳህኑን በጥላችሁ ሸፍኑት። ሚካውና ፓይራይቱ ብልጭታቸው ይጠፋል። ወርቅ በጥላም ቢጫ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከጥቁሩ አሸዋ ጀርባ ሁለት ብናኞች ቀሩ። ጓደኛዬ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ፣ «ለዚህ ነው?» አለ። ለዚህ ነው።

ግንቦት መጨረሻና ሰኔ

የተራራው በረዶ እየቀለጠ ነው። ክሪኩ ደፍርሶ ከፍ ብሏል፣ የሚያገሳው ከመኪና ማቆሚያው ይሰማል። በዚህ ወቅት አልገባም። የጉልበት ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፣ ቦት ጫማ ከሞላ ደግሞ መነሳት ከባድ ነው። ባለሥልጣናቱም ውሃው ሲበረታ ክሪኩን ለዋናና ለጎማ ጀልባ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ጎርፉ ለእኛ ጥሩ ሥራ እየሠራ ነው፤ ጠጠሩን አገላብጦ አዲስ ብናኝ እያመጣ ነው። እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

እስከዚያው ቤተሰቡን ይዤ አይዳሆ ስፕሪንግስ ወጣሁ። ከተማዋ ውስጥ ተዳፋቱን ተደግፎ የቆመው ትልቁ ቀይ ሕንፃ የአርጎ ወፍጮ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ዋሻ ከ1893 እስከ 1910 ተቆፍሮ እስከ ሴንትራል ሲቲ ስር ይደርሳል። ማዕድኑ በዚያ ይወጣ፣ ውሃውም በዚያ ይፈስ ነበር። በ1943 ዋሻው ውስጥ የታቆረ ውሃ ሰብሮ ወጥቶ አራት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሥራውም በዚያ አበቃ።

ከእነዚህ አሮጌ ማዕድኖች የሚወጣው ውሃ ብረታ ብረት ይዞ ይወርዳል። በ1983 አካባቢው በፌዴራሉ መንግሥት የብክለት ጽዳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የሚወጣው ውሃም እየታከመ ነው የሚለቀቀው። ለአጣቢ ትርጉሙ ቀላል ነው። ከክሪኩ አትጠጡ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ሳንድዊች አትብሉ፣ የቆሰለ ጣት ካለ ጓንት አይለያችሁ።

ነሐሴ፣ ባልዲና ወንፊት

ውሃው ወርዷል። አሁን ነው ሥራው።

አንድ ነገር መፈተን ፈልጌ ነበር፦ ወንፊት በእርግጥ ያስፈልጋል? ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ባልዲ አወጣሁ። አንዱን በወንፊት አሳልፌ፣ ሌላውን እንዳለ አጠብኩ። የሁለቱንም ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ አልደፋሁም። ለየብቻ ሳፋ ውስጥ አጠራቅሜ ቀስ ብዬ እንደገና አጠብኩት።

ወንፊት ያለፈው ባልዲ ፍሳሽ ውስጥ ምንም አላገኘሁም። ያልተነፋው ውስጥ ግን ብናኞች ነበሩ፣ አንዷም ደህና ጠፍጣፋ ቅርፊት ናት። ምክንያቱ ሳህኑን ስትነቀንቁ ይታያል። ትልልቅ ጠጠሮች እየተንከባለሉ የሰመጠውን መልሰው ያነሱታል። ውሃ ስታስወጡም አንዱ ጠጠር ሲንከባለል ከበስተኋላው ያለውን ደቃቅ ጠርጎ ይሄዳል። መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ አሸዋ ግን በክብደቱ ብቻ ይደረደራል።

እና የሥራ ቅደም ተከተሌ ተቀየረ። ወንዝ ዳር አጥቤ አልጨርስም። እቆፍራለሁ፣ እነፋለሁ፣ ጥቁሩ አሸዋ እስኪቀር ድረስ በፍጥነት አጥባለሁ፣ ጥቁሩን በባልዲ ይዤ እመለሳለሁ። ማጣራቱ ቤት ነው፤ ወንበር ላይ፣ በደህና መብራት፣ ውሃ በተሞላ ሳፋ። ወንዙ ላይ አጎንብሶ አንዲት ብናኝ ማሳደድ ጊዜም ወገብም ይጨርሳል።

ቤት ውስጥ እንዲህ አደርጋለሁ። የሳፋው ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና። ደቃቅ ወርቅ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እንዲቀር የሚያደርገውን የውሃውን ገጽ ሳሙናው ያላላዋል። (ወንዝ ውስጥ ግን ሳሙና አይገባም።) አንድ ማንኪያ ጥቁር አሸዋ፣ አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ። ሳህኑን በዝግታ አዞራለሁ። ጥቁሩ አሸዋ ፊት ፊት እየሄደ ቀጭን ጭራ ይሠራል። ቀይ ፍሬዎች ይታያሉ፤ ጋርኔት ናቸው፣ አያስፈልጉም። ከዚያ ጭራው ሲያልቅ፣ ከመጨረሻው ጫፍ ጀርባ፣ ቢጫ። አንዳንዷ የነጥብ ያህል እንኳ አትሆንም። አንዷ ጫፏ ተቆልምሟል፤ ከገደሉ ሜዳ ድረስ ድንጋይ ሲደበድባት ስለመጣች ነው። የምትመጠውን ጠርሙስ ጠጋ አድርጌ ስለቃት ሹልክ ብላ ገባች።

ስለ ማግኔት አንድ ምክር። አሸዋው ይድረቅ፣ ማግኔቱን ፌስታል ውስጥ አድርጉት፣ ከዚያ በላዩ አሳልፉት። ጥቁሩ ዘሎ ይለጠፋል። ፌስታሉን ከማግኔቱ ስትለዩት ይረግፋል። ሲለጠፍ ግን መሃሉ ወርቅ አቅፎ ይነሳል። ስለዚህ የረገፈውን በትናችሁ እንደገና ማግኔቱን አሳልፉበት። ማግኔት የማይስበው ጥቁር ደግሞ ይቀራል፤ ያንን ወረቀት ላይ ዘርግቶ በመጠጫ ቀሰም እፍ ማለት ነው፣ በቀስታ።

መስከረም፣ ብርማዋ ቅርፊት

ከአለት ስንጥቅ በአሮጌ ማንኪያ የቧጠጥኩት አሸዋ ውስጥ አንዲት ቅርፊት ወጣች። በክብደቷ ወርቅ ናት፤ ከሁሉ ኋላ ነው የቀረችው። መልኳ ግን ብር ነው፣ በአንድ በኩል ብቻ ቢጫ ይታያል።

የለበሰችው ሜርኩሪ ነው፣ ያ ብርማ ፈሳሽ ብረት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወፍጮዎቹ ከተፈጨው ድንጋይ ደቃቁን ወርቅ የሚለቅሙት በሜርኩሪ ነበር፤ ወርቅ ሲነካው ይዋሃደዋል። ያመለጠው ወደ ወንዙ ገባ፣ አሁንም አለ።

እንዲህ ዓይነት ስታገኙ በእሳት አታሙቁ። እንፋሎቱ አይታይም፣ አይሸትም፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። በአሲድ አጸዳለሁ ብሎ ወጥ ቤት ውስጥ መሞከርም ያው ነው። ከሌላው ወርቅ ጋር አትቀላቅሉ፣ ንጹሑንም ያበላሸዋል። እኔ ውሃ ባለባት ትንሽ ብልቃጥ ዘግቼ፣ ላይዋ ላይ ጽፌ ለይቼ አስቀመጥኳት። ካውንቲው አደገኛ የቤት ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ ወደዚያ ትሄዳለች። አሳዘነችኝ፣ ትልቋ እሷ ነበረችና።

ኅዳር፣ ሚዛን

የክሪኩ ዳር ዳር መርጋት ጀምሯል። ሳህኑን ሰቀልኩት።

ሚዛኔ እስከ 0.01 ግራም ያነባል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ወርቅ ለብቻው ባስቀምጠው ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ ሚዛኑ አልሰማውም። የነሐሴና የመስከረም ሲጨመር 0.31 ግራም አለ። ወርቅ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፣ አንዱ 31.1 ግራም። የኔ የዓመቱ ምርት የዚያ መቶኛ ማለት ነው። አክስቴን በስልክ ነገርኳቸው። «ጥርስህን እንኳ አያስለብስም!» ብለው ሳቁ። ቆይተው ግን «ወንፊቱን ሰፋ ያለ ግዛ፣ ብዙ አፈር አንሳ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከእጅ ጥራት በላይ ልዩነት ያመጣው ያነሳሁት ጠጠር ብዛትና ያነሳሁበት ቦታ ነው።

ብዙዎች በዚህ ደረጃ ላይ ወንዝ ውስጥ የሚቀመጥ የአልሙኒየም አሸንዳ ይገዛሉ። ውሃው ራሱ በእርከኖቹ ላይ እየሄደ ያጥባል፣ ሰው አካፋ ብቻ ይዞ ይቆማል። ብዙ አፈር ያስኬዳል፣ ሞተርም የለውም። እኔ ለጊዜው አልገዛሁም። አሸንዳ የሚጠቅመው ቦታ ላገኘ ሰው ነው፤ ባዶ ጠጠር በፍጥነት ማጠብ ምን ያደርጋል? የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ወራት ቦታ ፍለጋ ናቸው። ከየጉድጓዱ አንድ ሳህን ብቻ አጥቤ፣ ብናኝ ቆጥሬ፣ ካርታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አንዱ ጉድጓድ ደጋግሞ ከሌሎቹ ከበለጠ ያኔ ስለ አሸንዳው እናወራለን።

ጋራዡ ውስጥ ያልተጣራ ጥቁር አሸዋ ግማሽ ባልዲ ቀርቷል። የክረምቱ ሥራ እሱ ነው። ባለቤቴ ፈቅዳለች፣ ቅድመ ሁኔታዋ ግን አንድ ነው፦ የወጥ ቤቱ ሲንክ ውስጥ አንዲት ፍሬ አሸዋ እንዳትገባ።